የትከሻ መገጣጠሚያ ከተቀየረ በኋላ ስለሚመጣ የጅማት ችግር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትከሻቸውን ያስቀየሩ ሰዎች ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ብረቱ ነው። «ይላላ ይሆን? ይሰበር ይሆን?» ይላሉ። ብረቱ ግን ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከወጡበት ሰዓት ጀምሮ ጠንካራ ነው። ጊዜ የሚወስደውና ካልተጠነቀቁለት የሚበጠሰው ተቆርጦ የተሰፋው ጅማት ነው። ከዚህ በታች ያሉት በሥራዬ ዘወትር የምጠየቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። የቀዶ ሐኪምዎ የነገሩዎት ነገር እዚህ ከተጻፈው ጋር ከተለያየ የእሳቸውን ይከተሉ፤ ትከሻዎን ከፍተው ያዩት እሳቸው ናቸው።

መገጣጠሚያዬ አዲስ ነው፤ ታዲያ የሚታመም ጅማት ከየት መጣ?

የተቀየረው አጥንቱ ነው። ያረጀው የክንድ አጥንት ራስ በብረት ኳስ፣ ጎድጓዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ይተካል። ክንዱን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችና ጅማቶች ግን የድሮዎቹ ናቸው። ብዙ ሰው ቀዶ ሕክምናው ጋ የሚደርሰው ከታመመ ትከሻ ጋር ለዓመታት ከኖረ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጅማቱ ሳስቷል፣ ጡንቻውም ሥራ ፈቶ ኮስምኗል። በዚያ ላይ ሐኪሙ መገጣጠሚያው ጋ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከፊት ያለውን ጅማት መቁረጥ ወይም ከአጥንቱ ማላቀቅ ግድ ይሆንበታል፤ ሲጨርስ መልሶ ይሰፋዋል።

ትከሻ ከዳሌ የሚለይበት ነገርም አለ። የዳሌ ኳስ ጥልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የትከሻ ኳስ ግን ጠፍጣፋ ሳህን ላይ እንደተቀመጠ ኳስ ነው። እንዳይንሸራተት የሚይዙት በዙሪያው ያሉት አራት ጅማቶች ናቸው፤ ሐኪሞች በጥቅሉ ሮቴተር ከፍ ይሏቸዋል። አንዱ ሲላላ ኳሱ ወደዚያው አቅጣጫ ይሄዳል። ስለዚህ የአንድ ጅማት መጎዳት የመላው ትከሻ ጉዳይ ይሆናል።

የትኛው ዓይነት መገጣጠሚያ እንደገባልኝ ማወቅ ያስፈልገኛል?

በጣም! ከሐኪም ቤት ሳይወጡ ጠይቀው ወረቀት ላይ ያስጽፉት። ሁለቱ ዓይነቶች ጅማትን በተመለከተ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸውና።

የመጀመሪያው የተፈጥሮውን ቅርጽ የሚከተለው ነው፦ ኳሱ ክንድ ላይ፣ ጎድጓዳው ትከሻ ላይ። ይህ በደንብ የሚሠራው አራቱ ጅማቶች ጤነኛ ሲሆኑ ብቻ ነው። ሁለተኛው «ሪቨርስ» የሚባለው የተገላቢጦሽ መገጣጠሚያ ነው፤ ኳሱ ትከሻው ላይ ይታሰራል፣ ጎድጓዳው ደግሞ ክንዱ ላይ ይገባል። ይህን ሐሳብ ሥራ ላይ ያዋለው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ግራሞን ሲሆን ጊዜውም 1985 እ.ኤ.አ. ነበር። ጅማታቸው ተበጥሶ ክንዳቸውን ማንሳት ላቃታቸው ሰዎች መፍትሔ ሲፈልግ፣ መገጣጠሚያው የሚዞርበትን ነጥብ ወደ ውስጥና ወደ ታች አወረደው። ያኔ የትከሻን ጉብታ የሚሸፍነው ትልቁ ጡንቻ ዴልቶይድ የጅማቶቹን ሥራ ተረክቦ ክንዱን ማንሳት ቻለ።

ሐኪሜ ደጋግመው «ሰብስካፑላሪስ» ይላሉ። ምንድን ነው?

ከአራቱ ጅማቶች የፊተኛው ነው። ጡንቻው ከሰፊው የትከሻ አጥንት ሥር፣ ከጎድን አጥንቶች በኩል ይነሳና ጅማት ሆኖ የክንድ አጥንት ራስ ፊት ላይ ይጣበቃል። ሥራው ክንድን ወደ ውስጥ ማዞር ነው። ሆድዎን ሲነኩ፣ በር ገፍተው ሲዘጉ፣ ሸሚዝዎን ከኋላ ወደ ሱሪ ሲከቱ የሚሠራው እሱ ነው። ኳሱ ወደ ፊት እንዳይወጣ እንደ መጋረጃ ከፊት የሚይዘውም እሱ ነው።

በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የሚገባው በዚህ ጅማት በኩል ነው። አንዳንዱ ጅማቱን መሐል ላይ ቆርጦ መልሶ ይሰፋዋል፣ አንዳንዱ ከአጥንቱ ይልጠዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ የተጣበቀበትን ትንሽ አጥንት አብሮ ቆርጦ ያነሳና በመጨረሻ መልሶ ያስረዋል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው ማግስት ጅማቱን የያዘው ክር ነው። ሰውነት ራሱ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር እስኪያዋህደው ሳምንታት ያልፋሉ፤ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘትም ወራት ይፈልጋል።

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ምን አላድርግ?

በብዛት የሚነገረው ክልከላ ይህ ነው፦ ክንድን ወደ ውጭ ከተወሰነው ልክ በላይ አለማዞር (ልኩን የሚወስነው ሐኪሙ ሲሆን ብዙ ጊዜ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው)፤ ኃይል ተጠቅሞ ወደ ውስጥ አለመግፋት፤ እጅን ወደ ጀርባ አለመላክ፤ ከአንድ ስኒ የሚከብድ ነገር በዚያ እጅ አለማንሳት፤ በዚያ እጅ ተደግፎ አለመነሳት።

የመጨረሻዋን ሰው ሁሉ ይሰማታል፣ ሰው ሁሉ ይረሳታል። አንዲት ታካሚ ትዝ ትለኛለች። አምስተኛ ሳምንቷ ነበር፤ ሕመሙ ቀንሶላት የክንዷን ማንጠልጠያ ቤት ውስጥ እያወለቀች ነበር። ዝቅ ያለ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ስልክ ሲጠራ፣ ሳታስበው በሁለቱም እጇ ሶፋውን ገፍታ ተነሳች። «ጠሽ የሚል ነገር ተሰማኝ፤ ግን ብዙም አላመመኝም» አለችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ስመረምራት የተሠራው ክንዷ ከጤነኛው በላይ ወደ ውጭ ይዞር ነበር። አሠልጣኝ ቢያየው «እንዴት ጥሩ ተፍታታ!» ይል ይሆናል። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ እንደዚያ በአንድ ጊዜ መፍታታት ማለት ከፊት የሚይዘው ለቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ወዲያው ወደ ሐኪሟ ላክኋት፤ ፈጥና በመሄዷ ጅማቱ እንደገና ሊሰፋላት ቻለ።

ስለዚህ ከፍ ያለ፣ ጠንካራ ወንበር ይምረጡ። ወደ ጫፉ ይጠጉ፣ እግርዎን ወደ ኋላ ሰብሰብ ያድርጉ፣ በጤነኛው እጅ ብቻ ተደግፈው ይነሱ። ሽንት ቤትም፣ አልጋም፣ መኪናም እንዲሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ሳምንት ይህን አነሳስ ቢለማመዱት ደግሞ እግርዎ ራሱ ያስታውሰዋል።

ማንጠልጠያውን ማታም ላድርገው? እንዴትስ ልተኛ?

አዎ፣ ሐኪሙ አውልቁት እስኪሉ ድረስ፤ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ነው። በጀርባ፣ ትንሽ ቀና ብለው ይተኙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከክንዱ ሥር ትራስ ሳያደርግ ሲተኛ ነው፤ ያኔ ክርኑ ወደ ኋላ ወደ ፍራሹ ይወርድና የተሰፋውን ጅማት ሌሊቱን ሙሉ ሲጎትት ያድራል። ልኩን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፦ በጀርባዎ ተኝተው አንገትዎን ሳያነሱ ዓይንዎን ብቻ ዝቅ ሲያደርጉ ክርንዎ ሊታይዎት ይገባል። ካልታየዎት የታጠፈ ፎጣ ወይም ቀጭን ትራስ ከላይኛው ክንድ ሥር ይጨምሩ።

ይህ ሕመም የጤና ነው ወይስ ጅማቱ ተበጥሷል?

የጤናው ሕመም ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ይሄዳል። ከልምምድ በኋላ ይነሳል፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሲያደርጉበት ወይም ሲያርፉ ይበርዳል። ሌሊት ይብሳል፤ ይህም የተለመደ ነው። ከክርን በታች የሚታይ ሰማያዊና ቢጫ ቀለም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ብዙም አያስደነግጥ፤ ወደ ታች የወረደ ደም ነው።

የሚያሳስበኝ ድንገተኛ ለውጥ ነው። ትናንት የሚችሉትን ዛሬ ካቃተዎት፤ ከመውደቅ ወይም ከመጎተት በኋላ አንድ ነገር ሲላቀቅ ከተሰማዎት፤ ክንድዎ በድንገት ከልክ በላይ ወደ ውጭ መዞር ከጀመረ፤ ኳሱ ከፊት በኩል ሲገፋ ከታየ ወይም ከቦታው የሚወጣ መስሎ ከተሰማዎት በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን ለሐኪምዎ ይደውሉ። በድንገት ክንዱ ቅርጹን ቀይሮ ጨርሶ አልንቀሳቀስ ካለ ወይም ጣቶችዎ ከደነዘዙና ከቀዘቀዙ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የሕመም ማነስ ማረጋገጫ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። ከላይ ያነሳኋት ሴትዮ ብዙም አላመማትም ነበር።

ጅማቱ መያዙን ራሴ መፈተሽ እችላለሁ?

ገና ከሆነ አይሞክሩ። ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው ምርመራዎች አንዱ መዳፍን ሆድ ላይ አድርጎ ክርንን ወደ ፊት አውጥቶ ሆድን መጫን ነው፤ ሰብስካፑላሪስ ከደከመ ክርኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የእጅ አንጓም ይታጠፋል። ሌላው እጅን ወገብ ላይ አድርጎ ከጀርባ ማራቅ ነው። ሁለቱም እየዳነ ያለውን ጅማት በቀጥታ ይስባሉ። በኢንተርኔት አይተው በአራተኛው ሳምንት ቤታቸው የሞከሩ ሰዎች ገጥመውኛል፤ እባክዎን ለመርማሪው ይተዉት።

ብረት ካለብኝ ኤምአርአይ መነሳት እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ዛሬ የሚገቡት መገጣጠሚያዎች በአብዛኛው ለማሽኑ አስጊ አይደሉም። የገባልዎትን ዓይነት የሚገልጸውን ካርድ ግን ለባለሙያው ያሳዩ። ችግሩ ብረቱ ምስሉን ያደበዝዘዋል፤ ይህን የሚቀንስ ልዩ አነሳስ ያላቸው ማሽኖች አሉ። ለጅማት አልትራሳውንድ ብረቱ ያን ያህል አያስቸግረውም፣ ክንዱ እየተንቀሳቀሰም ያሳያል፤ ጥራቱ ግን በሚያነሳው ሰው ልምድ ይወሰናል። ራጅ ጅማትን አያሳይም፤ ሆኖም ኳሱ ወደ ላይ ወይም ወደ ፊት ሸሽቶ ከታየ ጅማቱ መልቀቁን ይናገራል።

ተበጥሶ ከሆነ እንደገና ቀዶ ሕክምና ግድ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። መቀደዱ ትንሽ ከሆነ፣ ኳሱም ቦታውን ካልለቀቀ፣ የቀሩትን ጡንቻዎች በማጠናከር ጥሩ ኑሮ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። የሚወስኑት ነገሮች ጊዜው፣ የጅማቱ ጥራት፣ የትከሻው መጽናትና የእርስዎ ፍላጎት ናቸው።

ጊዜው ከሁሉም በላይ ነው። የተበጠሰ ጅማት እንደ ተለቀቀ ላስቲክ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፤ ወራት ሲያልፉ ጡንቻው በስብ ይተካል፣ ያኔ ጎትቶ መስፋት አይቻልም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተደረሰበት መልሶ የመስፋት ዕድል አለ። ከዘገየ የደረትን ጡንቻ ጅማት አዙሮ በቦታው መትከል ይሞከራል፤ ኳሱ ወደ ፊት መውጣት ከጀመረ ግን ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ አያጠግብም። በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች የሚመረጠው መገጣጠሚያውን ወደ ተገላቢጦሹ መቀየር ነው። ቀላል ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ለኢንፌክሽንና ለሌሎች ጉዳቶች ያጋልጣል። ውሳኔውን ሳይቸኩሉ፣ ጠይቀው፣ ከተቻለ ሁለተኛ ሐኪም አማክረው ይወስኑ።

የእኔ የተገላቢጦሹ ነው። እንግዲህ ጅማት አያሳስበኝም ማለት ነው?

ያነሰ ያሳስብዎታል፣ ግን ከስጋት ነጻ አይደሉም። ሥራውን የተረከበው ዴልቶይድ ከትከሻ ጣሪያ አጥንት ላይ ይነሳል፤ አዲሱ አሠራር ይህን ጡንቻ ወጥሮ ስለሚይዘው አጥንቱ ላይ ጫና ይበዛል። አጥንታቸው የሳሳ ሰዎች ላይ ከወራት በኋላ እዚያ አጥንት ላይ ስንጥቅ ሊፈጠር ይችላል። ምልክቱ ከትከሻ ጫፍ ላይ ወይም ከኋላ ጠርዙ ላይ ሲጫኑት የሚያም ነጥብና ክንድ የማንሳት አቅም መውረድ ነው። ብዙዎች «ጅማት ነው፣ ያልፋል» ብለው ልምምዱን ያበዙበታል፤ ያ ይብሰዋል። ራጅ ላይ ሊያመልጥ ስለሚችል ጥርጣሬው ካለ ሲቲ ስካን ይጠይቁ።

ሌላው መውለቅ ነው። ይህ መገጣጠሚያ በቀላሉ የሚወልቀው ክንድ ወደ ኋላ ሄዶ፣ ወደ ሰውነት ተጠግቶ፣ ወደ ውስጥ ሲዞር ነው፤ ማለትም የኋላ ኪስ ውስጥ እጅ ሲከቱ ወይም የውስጥ ልብስ ከኋላ ሲቆልፉ። አብዛኛው ሐኪም ይህን ለ12 ሳምንት ይከለክላል።

ከክንዴ ፊት ያለው ጡንቻ ወደ ታች ወርዶ ተድቦልቡሏል። ምን ሆኖ ነው?

ባይሴፕስ ነው። ረጅሙ ጅማቱ በትከሻ ውስጥ ስለሚያልፍና ብዙ ጊዜ የሕመም ምንጭ ስለሚሆን ሐኪሙ ሆን ብሎ ይቆርጠዋል፣ ወይም ቆርጦ ክንድ አጥንት ላይ ያስረዋል። ከተቆረጠ ጉብታው ይጠበቃል፤ መልኩን እንጂ ሥራውን ብዙም አይጎዳም። ታስሮልዎት ከነበረና ጉብታው በድንገት ከመጣ ግን እስሩ ለቆ ሊሆን ይችላልና ያሳዩት።

ሕመሙን የሚያስታግስ የኮርቲዞን መርፌ ብወጋስ?

ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ውስጥ ኮርቲዞን መወጋት በአጠቃላይ አይመከርም። ኢንፌክሽን ይዞ ሊገባ ይችላል፣ ጅማትንም ያዳክማል። ትከሻዎን የቀየሩት ሐኪም ሳያውቁ ማንም እንዲወጋዎት አይፍቀዱ።

ከምወስዳቸው መድኃኒቶች ጅማት የሚጎዳ አለ?

አለ፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲንና የዚያ ቤተሰብ የሆኑ አንቲባዮቲኮች ጅማትን ሊያቆስሉና ሊበጥሱ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አስጽፏል። ስጋቱ የሚበረታው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና የስቴሮይድ እንክብል በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። ለሽንት ቧንቧ ወይም ለሆድ ሕመም ሲታዘዝልዎት «ጅማቴ በቅርቡ ተሰፍቷል» ብለው ይንገሩ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ አማራጭ ይገኛል። በራስዎ ግን የታዘዘልዎትን አያቋርጡ።

ሲጋራም ወደ ጅማቱ የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ መዳንን ያጓትታል። የስኳር ሕመም ካለብዎት ስኳሩን መቆጣጠር የጅማቱ ሕክምና አካል ነው።

ፊዚዮቴራፒውን ባፋጥነው ቶሎ አልድንም?

አይድኑም። ጅማት የሚድንበት ፍጥነት በትጋት አይጨምርም፤ ይህን ለትጉህ ሰው ማስረዳት ከሥራዬ ሁሉ ይከብደኛል። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ክንዱ የሚንቀሳቀሰው በሌላ ኃይል ነው፦ በጤነኛው እጅ፣ በባለሙያው እጅ፣ ወይም ጎንበስ ብሎ እንደ ፔንዱለም በማወዛወዝ። ጣት፣ የእጅ አንጓና ክርን ግን ባይሴፕስዎ ካልታሰረ በስተቀር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሠራሉ።

አንዱን ልምምድ በቅርበት ላሳይዎት። በጀርባዎ ይተኙ፤ ከላይኛው ክንድ ሥር የታጠፈ ፎጣ ያድርጉ። ክርንዎን 90 ዲግሪ አጥፈው ዱላ በሁለት እጅዎ ይያዙ። በጤነኛው እጅ ዱላውን ቀስ ብለው በመግፋት የተሠራውን ክንድ ወደ ውጭ ያዙሩት። ከተፈቀደልዎት ልክ ላይ ሲደርሱ ያቁሙ፣ አምስት ይቁጠሩ፣ ይመልሱ። የተሠራው ክንድ ምንም አይሠራም፤ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ በቃ። ጡንቻው ሲወጠር ከተሰማዎት እየረዱት ነውና ያላሉት።

ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ በራሱ ኃይል መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ ክብደት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከ12ኛው ሳምንት ወዲህ ነው። መሻሻሉ እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ደርቋል ብሎ በጉልበት ማስሳብ ወይም ማሳሸት ግን የተሰፋውን ሊበጥስ ይችላልና አይደረግ።

ሕመሙ አልለቅ ብሎኝ ወራት አለፉ፤ ጅማቱም ደህና ነው ተባልኩ። ምን ይሆን?

ኢንፌክሽን መሆኑ መጣራት አለበት። በ1893 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የቀዶ ሐኪሙ ዡል-ኤሚል ፔአን ለአንድ ታካሚ ያስገባው ሰው ሠራሽ ትከሻ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ የወጣው በኢንፌክሽን ምክንያት ነው። ዛሬ ትከሻ ላይ የሚያስቸግረው ባክቴሪያ ቆዳ ላይ የሚኖረው ኩቲባክቴሪየም አክነስ ነው። ትኩሳት ላያመጣ፣ መግል ላያሳይ፣ የደም ምርመራም ደህና ሊመስል ይችላል፤ የሚታየው የማይለቅ ሕመምና መድረቅ ብቻ ነው። አዝግሞ ስለሚያድግ ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ እስከ 14 ቀን መቆየት አለበት። ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ደግሞ አንቲባዮቲክ በራስዎ ሳይጀምሩ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ፤ አስቀድሞ የተወሰደ መድኃኒት ባክቴሪያውን ከምርመራው ይደብቀዋል።

ከስምንት ዓመት በኋላ ክንዴ መድከም ጀመረ። ይህም ከጅማቱ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የተፈጥሮውን ቅርጽ የተከተለው መገጣጠሚያ ከሆነ። ጅማት ከዕድሜ ጋር ይሳሳል። የላይኛው ጅማት ሲለቅ ኳሱ ወደ ላይ እየሸሸ የፕላስቲኩን የላይኛ ጠርዝ ይጫነዋል፤ ክንድ በተነሳና በወረደ ቁጥር ፕላስቲኩ ወዲያና ወዲህ እየተወዘወዘ ከአጥንቱ መላላት ይጀምራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ታካሚው ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማውም፤ ራጅ ላይ ግን ቀድሞ ይታያል። ትከሻዎ ደህና ሆኖ ሳለም በየጊዜው ለራጅ የሚጠሩት ለዚህ ነው። የድሮዎቹን ራጆች አይጣሉ፤ ሐኪሙ የዛሬውን ከድሮው ጎን አስቀምጦ ሲያይ ኳሱ ስንት ሚሊሜትር እንደተነሳ ይለካበታል።